ደክሞኛል ያላልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራው ወጣት የመድኃኒት ባለሙያ ጧት መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ መስኮቱ ላይ ባልቆም ይሻላል። ደክሞኛል፤ ብሠራ እሳሳታለሁ» አለኝ። ማፈር የለ፣ ማመካኘት የለ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኛ ጊዜ እንዲህ ብሎ አለቃ ፊት የሚቆም ሰው ስንፍናውን በአደባባይ እንዳወጀ ይቆጠር ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን የተሰማኝ ቅናት ነበር። ወደ ቤቱ ሰደድኩትና በእሱ ቦታ ቆሜ ዋልኩ። ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ እማማ ውባለም ነበር።

ደብረ ማርቆስ ስመደብ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከአሰላ የመጣሁ፣ በከተማው አንድም የማውቀው ሰው የሌለኝ ልጅ ነበርኩ። የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። ባልደረባዬ ለወሊድ ወጣች፤ ምትክ ሳይመጣላት ክረምቱ ገባ። የሁለት ሰው ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ያቺ መስኮት ከተከፈተች እስክትዘጋ የሰው ፊት አይጎድልባትም፤ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ፊቶቹን መለየት ተውኩ። ምላሴ ራሷን ችላ ትሠራ ጀመር፦ «ጧት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ቀጣይ!»

ኪራይ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ እወድቃለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። እራት አንዳንዴ እበላለሁ፣ አንዳንዴ እረሳዋለሁ። ድካሙን እችለው ነበር፤ የከበደኝ «ደከመህ ወይ?» የሚለኝ ሰው ማጣቴ ነው። በጣም ብቸኛ ነበርኩ፤ ዛሬ ሳስታውሰው እንኳ ለዚያ ልጅ አዝንለታለሁ።

በፍልሰታ ጾም አንድ ከሰዓት፣ ነጠላቸው በዝናብ የራሰ አንዲት አሮጊት መስኮቱ ጋ ደረሱ። ከይጁቤ ነው የመጡት። የልብ ኪኒን ታዞላቸዋል። ቆጥሬ ሰጠኋቸው፣ አወሳሰዱን ነገርኳቸው፤ «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ልዘጋ ስል የዕለቱን ማዘዣዎች ስደረድር የእሳቸው እጄ ገባ። «በቀን ግማሽ ኪኒን» ይላል። እኔ ምን እንዳልኳቸው ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ ጧት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ስድስት እጥፍ ነው፤ ደካማ ልብ ያንን አይችልም። ማንበብ ደግሞ አይችሉም፤ ይዘው የሄዱት የኔን ቃል ነው። መነኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። የይጁቤ መኪና ሁሉ ሄዷል።

በማግሥቱ መስኮቱን ሳልከፍት በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ እኔ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። በግራ በቀኝ ጤፉ እንደ ሣር ለምልሞ ነበር፤ ጉሙ ግን ሃያ እርምጃ አያሳይም። ይጁቤ ስደርስ ቀትር አልፏል። ስማቸውን ከማዘዣው ይዤ ሰው ብጠይቅ፣ «ቅዳሴ ናቸው» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቆሙትን ሽማግሌ ጥበቃ እንዲያስጠሩልኝ ለመንኳቸው።

«በቅዳሴ መካከል ሰው አይጠራም፤ ቁጭ ብለህ ጠብቅ» አሉኝ።

«ዛሬ ጧት ደኅና ነበሩ?»

«በእግራቸው ነው የገቡ» አሉኝ።

ከጽድ ሥር ተቀመጥኩ። ሰው ገድዬ እንደሆነ ሳላውቅ፣ እዚያው ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ነገር ነው።

ስነቃ ዝናብ አይነካኝም። እማማ ውባለም ጃንጥላቸውን በኔ ላይ ይዘው፣ ራሳቸው እየራሱ ቆመዋል። «አንተ የመድኃኒቱ ልጅ አይደለህም?»

«እማማ፣ ኪኒኑን ዋጡት?»

«ኧረ ገና ነኝ። መድኃኒት በቅዳሴ ጸበል ነው የሚጀመር ብዬ ቋጥሬው መጣሁ። ይኸው አሁን ልውጠው።» የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። አንድም አልጎደለም።

«ደክሞኝ ተሳሳትኩ» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ሕዝቡ ከቅዳሴ እየወጣ ከቦናል። እኔም፣ «ዶክተሩ ለውጦታል፤ በቀን ግማሽ ብቻ ነው የሚወስዱት» አልኳቸው።

«ይህን ልትነግረኝ ነው በዚህ ጭቃ የመጣኸው?»

«አዎ።»

አለቀሱ። ለሚያልፈው ሁሉ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዛሬ አየሁ» ይሉ ጀመር። ቤታቸው ወስደው ትኩስ ድንች በዳጣ አቀረቡልኝ። «ዓይንህ ደም መስሏል፤ የሚያሳርፍህ ሰው የለህም?» አሉኝ። መደቡ ላይ ጋቢ አልብሰውኝ እስኪመሽ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ማርቆስ በመጡ ቁጥር ድንች ወይ ጎመን ቋጥረው ይመጣሉ፤ ወረፋ ለያዘው ሰው ያንን ታሪክ ሳያወሩ አይሄዱም። በየበዓሉ ይጠሩኛል። በዚያ አገር ያገኘሁት ቤት ያ ብቻ ነበር፤ የቆመውም በውሸቴ ላይ ነው። ማዕዳቸው ላይ ተቀምጬ፣ ልጆቻቸው እያጎረሱኝ፣ ከኪራይ ቤቴ የባሰ ብቻዬን የምሆንበት ጊዜ ነበር። የሚወዱት ሌላ ሰው ነበርና።

እማማ ውባለም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ለቅሶው ላይ የበኵር ልጃቸው ሙሉቀን እጄን ይዞ ከወንድሞቹ መካከል አስቀመጠኝ። ለሰዉም፣ «እናታችንን ብሎ በጭቃ የመጣው እሱ ነው» አለ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ብነግራቸው እኔ ይቀለኛል፤ እነሱ ግን እናታቸው ደጋግመው ያወሩትን ታሪክ ያጣሉ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ስሰጥ ኖርኩ። አሁን ያኔ በነበርኩበት ዕድሜ ያለ ወጣት ባልደረባዬ «ደክሞኛል» ብሎ ቤቱ ሲሄድ አየሁ። ሙሉቀን አልፎ አልፎ ጋዜጣ ላይ የምጽፈውን ሁሉ እየፈለገ ያነባል፤ ይህንም ማንበቡ አይቀርም። ለመስቀል እንደ ልማዴ ይጁቤ እሄዳለሁ። ከዚህ በፊት ሳልጣራ ነበር የምገባው፤ ዘንድሮ ግን ደጅ ቆሜ እጣራለሁ።