ሸሚዟ የደረቀ ለታ

መጀመሪያ የተናደደችው ሸሚዟ ስለሚረጥብ ነበር። ኋላ ግን የባሰው መጣ፤ ሸሚዟ ደረቀ።

ኮሌታ የሚሏት በስሟ ሳይሆን በሥራዋ ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ፣ ሁለተኛው መስመር፣ ከበሩ ሰባተኛው መኪና ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ሌላ ምንም አትሰፋም። እጅጌው የሌላ ሴት ነው፣ ኪሱ የሌላ፣ አዝራሩ የሌላ። አምስት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ስትገለብጥና ጫፉን ስታሾል ኖራ፣ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ከመስመሩ ጠፋ። እሷም "ኮሌታ!" ሲሏት "አቤት" ማለት ለመደች።

ሴት ልጅ ወለደች። ሦስት ወር አርፋ ስትመለስ ጡቷ ሰዓት የሚያውቅ ይመስል ነበር። ረፋድ ላይ፣ ልክ አራት ሰዓት ሲል ያግትና ሸሚዟ ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች ይወጣሉ።

"ኮሌታ፣ ዝናብ ገባብሽ!" ትላታለች ከጎኗ ኪስ የምትሰፋው ልጅ።

ኮሌታም እየሳቀች ቁርጥራጭ ጨርቅ ደረቷ ውስጥ ትወሽቃለች። ወጣ ብላ አልባው እንዳትመለስ ግን ካርዱ አለ።

ካርዱ የሚባለው መዳፍ የምታህል የእንጨት ሰሌዳ ናት። ቀይ ክር ገብቶላት ከመስመር ኃላፊው ጠረጴዛ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ለሃያ ስምንት ሴት አንዲት ካርድ። መጸዳጃ ቤት የምትሄድ አንገቷ ላይ አጥልቃት ትወጣለች፤ እሷ ሳትመለስ ሌላዋ ብትፈነዳም አትነሳም። በቀን ለአንድ ሴት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ስምንት ደቂቃ። ኃላፊውን ሴቶቹ በሌለበት "ደቂቃ" ነው የሚሉት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰው ፊት ይልቅ የእጅ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው።

እስቲ አሁን በስምንት ደቂቃ ምኑ ይታለባል? መሄጃው ሁለት ደቂቃ፣ መመለሻው ሁለት ደቂቃ፣ እጅ መታጠቢያው ቧንቧ ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ደስ ሲለው ብቻ የሚመጣ። ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይውልና ማታ ተሸክማው ትገባለች። አንድ ሳምንት እንዲህ፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ። በሦስተኛው ሳምንት አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩልም አለፈ። ኮሌታ ጎንበስ ብላ ደረቷን አየች። ደረቅ።

ቤትም ያው ሆነ። ሕፃኗ ጡቱን ትይዝና ትጎትታለች፣ ትለቅና ታለቅሳለች፣ እንደገና ትይዛለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ብቅ ቢል ነው። ልጅቷን ቀን ቀን የሚይዙት አማቷ ናቸው።

"ወተትሽ ሸሽቷል፣ ልጄ" አሉ አማቷ። "ሥራና ጡት አንድ ቤት አያድሩም። የቆርቆሮው ወተት ምን አለው? የጎረቤቷ ልጅ በሱ አይደል እንዴ በር አልበቃው ያለው?"

"ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡቴ ሌላ አላቀምሳትም ብያለሁ፣ እማማ።"

"ብለሻል። ጡትሽ ግን አልሰማሽም።"

ኮሌታን ያበገናት ይሄ ነበር። ሁሉም ሰው ስለ ወተቷ የሚያወራው ገመድ በጥሶ ስለጠፋ ፍየል እንደሚወራው ነው። ሸሸ፣ ቀጠነ፣ ነጠፈ። ማን አባረረው ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም የለም።

የጠየቀቻት የክትባት ቀን ያገኘቻት ነርስ ናት። ልጅቷን መዘነች፣ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

"ሥራ ቦታ በቀን ስንቴ ታልቢያለሽ?"

"አላልብም።"

"ከልጅቷ ስንት ሰዓት ትለያያለሽ?"

"ከመንገዱ ጋር አሥር ሰዓት።"

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ስሚኝ እህቴ፣ ወተትሽ የትም አልሸሸም። ጡት ሞልቶ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅሽ ጎተራ መሰለሽ? በተቀዳ ቁጥር የሚመነጭ ነገር ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ ካልቀዳሽው ፈላጊ የለኝም ብሎ ይቀንሳል። በየሦስት ሰዓቱ አውጪው። ቤት ስትገቢ ልጅቷን ከደረትሽ አታውርጃት፣ ሌሊትም አጥቢያት። ደግሞ ብዪ፣ ሲጠማሽ ጠጪ፤ ራስሽን አትርሺ።"

በራሷ ጋዋን ላይ እጇን አድርጋ አሳየቻት። "እጅሽን ትታጠቢያለሽ። አውራ ጣትሽ ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች፣ ከጥቁሩ ክብ ራቅ አድርገሽ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት የለም። ያለብሽውን በንጹሕ ዕቃ ከድነሽ ቅዝቃዜ ውስጥ አቆዪው፤ በጡጦ ሳይሆን በሲኒ ያጠጧት። ሲቀመጥ ደግሞ ከላይና ከታች ቢለያይ አትደንግጪ፣ ቅባቱ ነው የሚሰፍፈው፤ ቀስ አድርገሽ ብታወዛውዢው ይዋሃዳል።"

ይህች የመጨረሻዋ ምክር በአንድ ጆሮዋ ገብታ በሌላው ወጣች። የኮሌታ ልብ ሦስት ሰዓቱ ላይ ነበር፤ ቤት ገብታ ለአማቷ ሁሉንም ስትነግር ይህችን ዘለለቻት።

በማግስቱ ከደቂቃ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

"አለቃ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

"ፍጠኚ።"

"ለሦስት ወር ብቻ በቀን ሁለት ካርድ ይጨምሩልኝ። የማጠባት ሕፃን አለችኝ፣ ወተቴን ማለብ አለብኝ። ሥራዬ አይጓደልም፣ ከምሳ ሰዓቴ አካክሳለሁ።"

ደቂቃ ሰዓቱን አየ። "ይሄ ፋብሪካ የሚያመርተው ሸሚዝ ነው። ወተት የሚፈልግ ወደ ላሞቹ ይሂድ።"

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኮሌታ ፊቷ ጋለ።

"ላሟንማ በሰዓቷ ያልቧታል፣ አለቃ።"

አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁ ግን አቅጣጫውን ቀይሮ ነበር። ደቂቃ "ተቀመጪ!" አለ። ተቀመጠች። ሁለት ኮሌታ አጣማ ሰፋች፤ በአምስት ዓመት ያልሆነ ነገር።

ከምሳ በኋላ አዝራር የምትሰፋው ትልቋ ሴት ተነሳች። መስመሩ ሁሉ አክስቴ የሚላት ናት። ካርዷን አውርዳ አንገቷ ላይ አጠለቀች፤ ወደ በሩ በመሄድ ፈንታ ግን ሰባተኛው መኪና ዘንድ መጥታ አወለቀችና የኮሌታ አንገት ላይ አደረገቻት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ደቂቃ ከወዲያ።

"ተራዬን ሰጠኋት። የኔ ፊኛ እንደኔው ትዕግሥተኛ ነው፣ አንዴ ይበቃዋል። ስምንት ደቂቃው ያው ስምንት ደቂቃ ነው፣ አንተ ሰዓትህን ቁጠር።"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደንብ ካርዱ ለአንድ ሴት ሁለቴ ይላል እንጂ ተራ መስጠት ክልክል ነው አይልም። ደቂቃ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ተራቸውን ያዋጡላት ጀመር። ዛሬ የኪሷ ልጅ፣ ነገ እጅጌ የምትሰፋዋ። "እኔ ዛሬ ሻይ አልጠጣሁም፣ የኔን ውሰጂ" ይሏታል። ኮሌታ ከመስመሩ ጀርባ ያለው የቁርጥራጭ ጨርቅ መጋዘን ገብታ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ብልቃጥ ውስጥ ታልባለች። የመጀመሪያው ቀን የብልቃጡን ቂጥ እንኳ አልሸፈነም። አላለቀሰችም፤ ከድናው፣ የፋብሪካው ምግብ ቤት ሴት በረዶ የሞላችላት ፔርሙስ ውስጥ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጣት፣ በሰባተኛው የብልቃጡ ግማሽ። ማታ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ በማግስቱ አማቷ ለልጅቷ በሲኒ ይሰጧታል። እሷ የምታውቀው እንዲህ ነበር።

ግራ የገባት ልጅቷ ናት። ጡቱ ወተት መያዝ ጀምሯል፣ ልጅቷ ግን ማታ ሲሰጧት ሁለቴ ትስብና ፊቷን ታዞራለች። ሆዷ ጥግብ፣ ዓይኗ እንቅልፍ።

በአሥረኛው ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፋበትና ሰባት ሰዓት ላይ አሰናበቷቸው። ኮሌታ ፔርሙሷን አቅፋ እየሮጠች ቤት ገባች። አማቷ እቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ብልቃጡ በእጃቸው ነው፤ ወተቱ እየተንዠቀዠቀ ቱቦ ውስጥ ይወርዳል። ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮ፣ ከጎኑ ባዶ ጡጦ።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

አማቷ ክው አሉ። "አንቺ፣ በዚህ ሰዓት... አትቆጪ ልጄ። ተበላሽቶ ነው።"

"የትናንቱ ወተት?"

"በየቀኑ ነው እኮ የሚበላሸው። ተመልከቺው፣ ከላይ ቅባት፣ ከታች ውሃ፣ ሰማያዊ የመሰለ። ይሄን ለሕፃን ልስጥ? ያ ሁሉ ልፋትሽ፣ ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ዝም አልኩሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካመጣሽበት ቀን ጀምሮ።"

ዘጠኝ ቀን! አክስቴ ጉልበቷን ገጥማ የሰጠቻት ስምንት ደቂቃ፣ የኪሷ ልጅ ሻይ ትታ የሰጠቻት ስምንት ደቂቃ፣ በዚያ ቱቦ ወርዷል። ልጅቷም ማታ የምትሸሸው ለምን እንደሆነ ገባት፤ በቆርቆሮ ወተት ጠግባ፣ የጡጦ ጫፍ ለምዳ ነው።

ኮሌታ በሕይወቷ አማቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። ያን ቀን ጮኸች። "መጠየቅ አይቻልም? አንዲት ቃል! ምነው ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?" ጮኻ ሳትጨርስ የነርሷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አቃጨለ፤ ቅባቱ ነው የሚሰፍፈው። ለአማቷ ሳትነግራቸው የዘለለቻት ያች ቃል። ንዴቷ ላይ ሌላ ንዴት ተደረበ፤ ይሄኛው በራሷ ነው።

ብልቃጡን ከእጃቸው ተቀበለች። ከታች ትንሽ ተርፏል። ቀስ አድርጋ አወዛወዘችው፤ ቅባቱ ሟሟ፣ ሰማያዊው ጠፋ፣ ድፍን ነጭ ወተት ሆነ። ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጋ ዘረጋችላቸው። "ይቅመሱ።"

አማቷ ቀመሱ። በርጩማው ላይ ተቀመጡና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ይጣፍጣል" አሉ በመጨረሻ። "እኔ አራት ልጅ አጥብቻለሁ። ወተቴን ግን አንድ ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ከጡት ወደ አፍ ነዋ የሚሄደው፣ ምን ይመስላል ብዬ ብልቃጥ ውስጥ ልየው?"

ኮሌታ ብልቃጡን አየች። እውነት ነው፤ ከጡት ወደ አፍ የሚሄድን ነገር ብልቃጥ ውስጥ የከተተው ማን ሆነና? አማቷም እዚያው በርጩማ ላይ ሆነው እሱኑ ያሰቡ ይመስላል።

"ያ ሰዓት ቆጣሪ ሰውዬ" አሉ፣ "ለምሳ ስንት ሰዓት ነው የሚለቃችሁ?"

"ስድስት ተኩል። ለግማሽ ሰዓት።"

"የደፋሁትን እኔው እመልሳለሁ።"

በማግስቱ ስድስት ተኩል ላይ አማቷ ሕፃኗን አዝለው ከፋብሪካው በር ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ዘበኛው አስነሳለሁ ብሎ ቢያቅተው ደቂቃን ጠራው።

"እማማ፣ ሕፃን ግቢ አይገባም፣ ደንብ ነው።"

"መች ገባች? አግዳሚው ከበር ውጭ ነው። ከበር ውጭ ያለው ፀሐይም ያንተ ነው?"

"ሠራተኛ ያዘናጋል።"

አማቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "አንተ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ቁመት ያገኘኸው በቧንቧ ውሃ ነው?"

ዘበኛው ሳል ያዘው። ደቂቃ ሰዓቱን አየ፤ ሰዓቱ ምንም አልነገረውም።

ኮሌታ እየሮጠች መጥታ ልጇን ተቀበለች። መጀመሪያ ሕፃኗ ተንፈራገጠች፣ ጀርባዋን ቆልምማ አለቀሰች፤ ጡጦ የለመደ አፍ ነው። አክስቴና የኪሷ ልጅ ሽርጣቸውን ፈትተው ከፊቷ እንደ መጋረጃ ያዙ። ኮሌታ እጇ ላይ ትንሽ አልባ ከንፈሯን አስነካቻት። ቀመሰች። ፈለገች። ያዘች። ያን ጊዜ ያ የረሳችው መውጋት፣ ከብብቷ ተነስቶ ወደ ጫፍ የሚወርደው፣ ጡቷን ውርር አደረጋት።

ቀላል አልነበረም። በየቀኑ በምሳ ሰዓት አግዳሚው ላይ፣ ረፋድና ከሰዓት መጋዘን ውስጥ፣ ሌሊት ሁለቴና ሦስቴ። የቆርቆሮው ወተት ነርሷ እንዳለችው በትንሽ በትንሹ ተቀነሰ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንድ ረፋድ ኮሌታ ኮሌታ ስትገለብጥ የኪሷ ልጅ ጎሸም አደረገቻት።

"ዝናብ ገባብሽ!"

ሰዓቱ አራት ነበር። ኮሌታ ጨርቅ አልወሸቀችም። በሁለት እርጥብ ክቦቿ የመስመሩን ርዝመት ሁሉ አቋርጣ፣ የደቂቃ ጠረጴዛ ዘንድ ደርሳ ካርዷን አወረደች። እሱ አንገቱን ደፋ።

አሁን ሰው "ጎበዝ፣ ወተትሽን መለስሽው" ሲላት ትቆጣለች። "የሚመለሰው የተወሰደ ነገር ነው። ማን ወሰደው አትሉም?" ትላለች። የኪሷ ልጅ አምስት ወር እርጉዝ ናት፤ ምስማሩን እያየች "እኔስ ተራዬ ሲደርስ?" ስትል የሰማቻት ጊዜ፣ ኮሌታ ቤት ገብታ ከአሮጌ ሣጥን ላይ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ቆረጠች፤ አማቷ ቀይ ክር አስገቡላት። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገብታ ከመጀመሪያዋ ጎን ሰቀለቻት።

ደቂቃ አይቶ "ይሄን ማን አመጣው?" አለ። ሃያ ስምንት ሴት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትሰፋለች። አውርዶ ጣላት። በማግስቱ ሌላ ተሰቅላ አገኘ። እሷንም ጣላት።

ዛሬ የተሰቀለችው አምስተኛዋ ናት። ሣጥኑ ደግሞ ገና ግማሹም አላለቀም።