አራት ጠርሙስ አሚኖ አሲድ

አባቴ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ ነው ያሳደገን። አንጀቱ ተጠማዞ በድንገት የወደቀውም እዚያው ሥራው ላይ እንዳለ፣ በሐምሌ መጨረሻ ነበር። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ተደረገ። የሞተው የአንጀቱ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ የተሰፋው ግን ቶሎ አልጠገገም። ሐኪሙ በአፉ ምንም ነገር እንዳይቀምስ ከለከለው።

በሳምንቱ ጉንጩ ጎደጎደ። የእጅ ሰዓቱ ክንዱ ላይ አልቆም ስላለ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ግሉኮስ ሳይቋረጥ እየተሰጠው ለምን እንደሚከሳ ሐኪሙን ጠየቅሁት።

«ግሉኮስ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋ አይተካም» አለኝ። «ቁስላቸው እንዲድን ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። አንጀታቸው መፍጨት ስለማይችል፣ ፕሮቲን ከተፈጨ በኋላ የሚሆነውን ነገር እኛው በደም ሥር እንሰጣቸዋለን። አሚኖ አሲድ ይባላል። እኛ ጋ ግን አልቋል፤ ከውጭ ፈልጊ።»

የጻፈልኝን ወረቀት ይዤ ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት በዝናብ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። አንዱ ገና ወረቀቱን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሌላው «ከመጣ ቆይቷል» ይለኛል። ተክለ ሃይማኖት ያገኘኋት አንዲት ፋርማሲስት ግን ወረቀቱን እንደያዘች ጥቂት አሰበች።

«ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ይህንኑ መድኃኒት ልመልስ ብሎ መጥቶ ነበር። መልሰን አንቀበልም አልነው። የሚፈልግ ሰው ከመጣ ደውሉልኝ ብሎ ስልኩን ትቶልኛል።»

«ለምን ይመልሰዋል?»

«ባለቤቱ አርፋለች» አለችኝ።

ደውዬ ስለ አባቴ ነገርኩት። ሰውየው የሚኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥቁር የለበሰ ጎልማሳ በሩን ከፈተልኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩት። ብርሃን እንዳይነካው ታዝዞ ስለነበር ካርቶኑን ከቁም ሳጥን ውስጥ አወጣው። አራት ጠርሙስ ነበር። ነርሶቹ በየጠርሙሱ ላይ የባለቤቱን ስም የጻፉበት ነጭ ፕላስተር ለጥፈዋል።

«ቆይ እህቴ፣ ስሟን ላንሳው።»

አራቱንም እያንዳንዱን ቀስ ብሎ ላጠና መዳፉ ላይ ለጠፋቸው። ዋጋውን ስጠይቀው ካርቶኑን አቀበለኝና «ብቻ አባትሽ ይዳኑ» አለ።

የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ክዳኑንና ቀኑን መረመረ፤ ፈሳሹን ወደ መስኮቱ አንስቶ ጥራቱን አየ። ከዚያ የመጀመሪያው ጠርሙስ ከግሉኮሱ ጎን ተሰቀለ።

ፍልሰታ ገብቶ ነበርና አባቴ ዓይኑን እንደገለጠ ተጠራጠረ። «ምንድነው ይሄ?»

«ፕሮቲን ነው አባዬ።»

«በፍልሰታ?»

ሊጠይቁት የመጡት የንስሐ አባቱ ናቸው የገላገሉኝ። «መድኃኒት ነው፤ አርፈህ ዳን» አሉት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ጠርሙሱ ላይ የቀረውን የፕላስተር ምልክት ትኩር ብሎ ያይ ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ የተፋቀ ነገር አያልፈውም። «እዚህ ላይ ስም ነበር። የማን ነው?» አለኝ።

ልዋሽ አስቤ ነበር። «ታመው የነበሩ ሰዎች ናቸው የሰጡን» አልኩ።

«ዳኑ?»

«አልዳነችም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ንቀሉልኝ ይላል ብዬ ፈራሁ። ሳይዞር «የክርስትና ስሟን ጠይቂልኝ» አለ።

ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለሰውየው ደወልኩ። የክርስትና ስሟን ነገረኝ። እኔም ለአባቴ ነገርኩት። ፈሳሹ ጠብ ጠብ ሲል ዓይኑን ጨፍኖ ስሟን እያነሳ ጸለየላት። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

አራተኛው ጠርሙስ ከማለቁ በፊት ሆስፒታሉም መድኃኒቱን አገኘ። ቁስሉ መጠገግ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ አንድ ማንኪያ ውኃ ፈቀደለት፤ አባቴ አፉ ውስጥ ብዙ አቆይቶ ዋጣት። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የሴትየዋ አርባ የወጣው በመስከረም ነው። አባቴ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ቀናት ቢሆኑትም ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረን። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ድንኳን ተጥሏል። በከዘራ ተደግፎ ሲገባ ሰውየው እኔን አይቶ ማን እንደሆነ አወቀ። አባቴ የስንቱን ሰው በደልና ሐዘን በወረቀት ሲያሰፍር የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት «እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ያለው ነገር የለም። ተቃቅፈው ቆዩ።

ምግብ ሲቀርብ ሰውየው መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ምን ፈቀደልዎት?»

«ቀጭን ነገር ብቻ።»

ሰውየው ተነስቶ ሄደና ከቤት አጥሚት አሠርቶ መጣ። አባቴ በትንሽ በትንሹ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ፣ ሌላውን እንግዳ ለዘመዶቹ ትቶ ከጎኑ አልተነሳም።