የአባቴን ልብ «አዲስ ሆነ» ያልኩ ዕለት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ስም ይባረክ። ዛሬ ልመሰክር ወጥቻለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አቦከር ሰፈር ያደግሁ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ የማስተምር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይም ማይክ ከያዝኩ የማልለቅ ልጅ ነኝ። ከፋሲካ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ ስለ አባቴ ልብ መስክሬ ነበር። ያን ዕለት ቆማችሁ አጨበጨባችሁ። ዛሬም የምናገረው ስለዚያው ልብ ነው። ግን እባካችሁ፣ ሃሌሉያችሁን ለጊዜው አቆዩልኝ። ሲደርስ እኔ እነግራችኋለሁ።

ብቻዬንም አልመጣሁም፤ አንድ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ። የእሱንም ነገር ወደ መጨረሻው አደርሰዋለሁ። በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ፤ ካልሆነ ከኀፍረቴ የተነሣ ዋናውን ዘልዬ እሄዳለሁ።

ቤተሰባችን ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ሐረር የኖረ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት ውስጥ ችሎት አስከባሪ ነበሩ። ምስክሮችን በስም እየጠሩ ያስገባሉ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ቆመው ያዳምጣሉ። ምስክሩ ያላየውን መጨመር ሲጀምር አባቴ ይስላሉ። ታመው አይደለም፤ እንዲያው አንዲት አጭር ሳል ናት። ዳኞቹ ሳይቀሩ ያችን ሳል ያውቋት ነበር ይባላል።

እኔ ጌታን ያገኘሁት መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ለቤት ስናገር እናቴ አለቀሰች። አባቴ ጥቂት አሰቡና «ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፍኩም። ጌታ ስለ እኛ ምን እንደተሸከመ፣ ጸጋ ምን እንደሆነ፣ ራት ላይም ቢሆን አስረዳቸው ነበር። ዝም ብለው ይሰሙኝና «መምህር፣ ደወሉ አልተደወለም እንዴ?» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት ዳገት እያስቸገራቸው መጣ። በከተማው ግንብ ካለው ከፈላና በር ወደ ላይ በሚወጣው ጠባብ መንገድ መሐል ላይ ይቆሙና የሰው ግድግዳ ተደግፈው ይተነፍሳሉ። ሰው ሲያልፍ ግድግዳውን የሚመረምሩ ይመስላሉ። «ይሄ ኖራ መታደስ አለበት» ይላሉ። እኛም እውነት መሰለን። በኋላ እግራቸው አብጦ ጫማ እንቢ አላቸው፤ ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ይተኙ ጀመር። ያኔ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የሽማግሌ ነው። ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ በቆየ የደም ግፊት ልባቸው እንደሰፋና እንደደከመ ነገረችን። መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ከዚያ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራና ጫት መተው፣ ሜዳ ሜዳውን ቀስ እያሉ መራመድ፣ ከባድ ነገር አለማንሣት እንደሚያስፈልግ ተናገረች። አባቴ ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሏት፤

«ልጄ፣ ሰባን አልፌያለሁ። ከእንግዲህ ምኔ ይቀየራል? የቀረችኝን ትንሽ ዕድሜ አልጫ ላድርጋት?»

«አባባ፣ ልብዎን አዲስ ላደርገው አልችልም» አለቻቸው። «የሚሸከመውን ግን ማቅለል እንችላለን። ግማሹን መድኃኒቱ ያነሣለታል፤ ግማሹን እርስዎ።»

ባጃጅ ውስጥ ሆነው እስከ ቤት ድረስ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ። ሲጋራውን እተዋለሁ፣ እሱ ድሮም አይወደኝም አሉ። ጨው ላይ ከእናቴ ጋር እደራደራለሁ አሉ። የከበዳቸው ሐጂ ጀማል ናቸው። ሐጂ ጀማል የልጅነት ጓደኛቸው ሲሆኑ ፈላና በር አጠገብ ሱቅ አላቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ከሰዓት በኋላ አብረው ጫት መቃም የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው። በእኛ ከተማ ከበርጫ የቀረ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ተቀይሟል። «ምን ብዬ ልቅርበት?» አሉ አባቴ።

እኔ ምን አደረግሁ? ትልቅ ወረቀት ላይ የልብ ሥዕል ሣልኩና ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላቸው። የሚገባውን ደም በሰማያዊ፣ የሚወጣውን በቀይ። በማግስቱ ፎጣ ሰቅለውበት አገኘሁ።

ቢሆንም መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጡ ነበር። ከሐጂ ጀማል ጋር መቀመጡን ሳያቋርጡ ከፊታቸው የሚቀመጠውን ጫት ቀነሱ። ሳምንታት ሲያልፉ እብጠቱ እየጎደለ፣ ትንፋሻቸው እየረዘመ መጣ። ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ቤታችን መጥታችሁ የጸለያችሁላቸው ያን ጊዜ ነው። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ «አሜን» ሲሉም ከሁላችንም ድምፅ የእሳቸው ይሰማ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጫማቸው ገባላቸው።

ወገኖቼ፣ ያየሁት ይህንን ነው፤ ጫማቸው ገባላቸው። መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ እንደነበረ አውቃለሁ፤ የማስተምረው ሳይንስ ነው። እግዚአብሔር ጸሎታችንን እንደሰማም አምናለሁ። ይህን ብቻ ይዤ ብወጣ ኖሮ ሙሉ ምስክርነት ነበር። እኔ ግን እዚህ ቆሜ ምን አልኩ? «የአባቴ ልብ አዲስ ሆነ፤ ከእንግዲህ ሐኪምም ኪኒንም አያስፈልጋቸውም» አልኩ። ማንም እንዲህ በል አላለኝም። ጭብጨባው ሲሞቅ አፌ ቀደመኝ። ደግሞም ያለቀሰችው እናቴና ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ትክክል እንደነበርኩ እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነበር።

አንድ ወንድም በስልኩ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ አይተውታል። አባቴን መንገድ ላይ እያስቆሙ «እንኳን ደስ አለዎት» ይሏቸው ጀመር። እሳቸው ቤት ገብተው ምንም አላሉኝም። ዝምታቸውን እንዴት እንደተረጎምኩት ብነግራችሁ አፍራለሁ፤ ጌታን ሊቀበሉ ተቃርበዋል ብዬ ለጸሎት ቡድናችን ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤት አረፈ። ዕድራችን የታመመ አባል ድንኳን እንዲተክል አያስገድድም፤ አባቴም ከታመሙ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለቀስተኛ ነበር የሚቀበሉት። ያን ጠዋት ግን የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው፣ «አዲስ ልብ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ያያል እንዴ?» አሏቸው። ሰው ሳቀ። አባቴም ሳቁ፤ ተነሡና የድንኳኑን ብረት ተሸከሙ። ጥቂት ሄደው በጉልበታቸው ወደቁ።

እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እናቴ ደወለችልኝ። የማስተምረው ምን ነበር መሰላችሁ? የደም ዝውውር።

ሆስፒታል ስደርስ አባቴ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው እንደገና አብጧል። ዶክተሯ የሚያሸናውን ኪኒን ማን አስተዋቸው ብላ ጠየቀች። አባቴ ዐይናቸውን ከእኔ አሽሽተው «ረሳሁት ልጄ፣ እርጅና ነው» አሏት። እሷም ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ መምህር አይደለህ? አላስረዳሃቸውም?»

ወንድሞችና እህቶች፣ ማስረዳት የማይደክመኝ እኔ ጥያቄዋን ሸሽቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

እዚያ እናቴ እውነቱን ነገረችኝ። የሚያሸናው ኪኒን ሲዋጥ ወጣ ገባ ያስብላል፤ ሰው ፊት ይታወቃል። ስለዚህ አባቴ እሱን ተዉት። ሌሎቹን ከእሷ በቀር ማንም ሳያያቸው ይውጣሉ። ለቅሶ ቤት ጨው የበዛበት ወጥ ሲቀርብላቸው «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት አቆሙ፤ ሐጂ ጀማል ቤትም ጫቱን እንደ ድሮው መቃም ጀመሩ። እሷ ስትለምናቸው አይሰሟትም። «ለምን እንዲህ ይሆናሉ?» አልኳት።

«አንተን ውሸታም ላለማሰኘት ነዋ» አለችኝ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ እንደ አባቴ ኖራውን የምመረምር አስመሰልኩ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ሰው ፊት ቆመህ ተናግረሃል። አልተፈወስኩም ብል ተማሪዎችህ ነገ ምን ይሉሃል?» አሉ። አረፍ አሉና ቀጠሉ። «ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ምስክር ያላየውን ሲጨምር ድምፁ ከፍ ይላል። ያንተም ከፍ ብሏል። እዚያ ብኖር እስል ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ጸሎታችሁ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ። «ጫማዬም ገብቶልኛል። እሱን ብትናገር ምን ጎደለህ?»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ለዓመታት ስለ እኔ ሸክሜን ስለተሸከመው ጌታ ለአባቴ ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ሥዕል ቢያስፈልገው እሥልለታለሁ። ያን ቀን ግን አንድ የታመመ ሽማግሌ የእኔን ሐሰት በደከመ ልባቸው ተሸክመው፣ ለእኔ ሲሉ ሲወድቁ አየሁ። የማስረዳው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። «ጌታ ሆይ፣ በአንተ ሳይሆን በስምህ በሚጨበጨብልኝ ጭብጨባ አምኜ ነበር። አባቴን ማረኝ። ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ አንተን ግን አምናለሁ» አልኩ። ምንም ማብራሪያ የሌለበት የመጀመሪያ ጸሎቴ ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ ጌታን አገኘሁ ብያችሁ ነበር፤ ያገኘኝ ግን እዚያ ዛፍ ሥር ነው።

አሁን ሃሌሉያ በሉልኝ። ስሙ ይባረክ! አባቴን ወደ ቤት መለሰልኝ።

ጸሎት ብቻውን ግን አልበቃም፤ የተናገርኩትን ማንሣት ነበረብኝ። መጀመሪያ ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ቀልዳቸው ሊያለቅሱ ደረሱ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ቀጥሎ ሐጂ ጀማል ሱቅ ገባሁና አባቴ እንዳልተፈወሱ፣ በሕክምና ላይ እንዳሉ፣ ሐሰቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሐጂ ጀማል ሚዛናቸውን እየወለወሉ ሰሙኝ።

«እናውቃለን፣ ልጄ» አሉኝ። «ወላሂ፣ ልቡ አዲስ የሆነ ሰው እኔ ደጃፍ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አያርፍም። እሱ አንተን ሸፈነህ፣ እኛ ደግሞ እሱን ሸፈንነው። ባንሸፍነው ይሻል ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለን።»

ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። አዋቂ ነኝ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ ያላወቅሁት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሐጂ ጀማል በማግስቱ ቤታችን መጡ። ጫት አልያዙም፤ ፓፓያ ነበር የያዙት። «አንተ ወደ በርጫው ካልመጣህ በርጫው ወደ አንተ ይመጣል፤ ቅጠሉ ይቀራል እንጂ ወሬው አይቀርም» አሏቸው። እስካሁን ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። አባቴ ሲጋራውንም ጫቱንም ትተዋል፤ ጨው ላይ ከእናቴ ጋር ገና ክርክር ላይ ናቸው። የሚያሸናውን ኪኒን በሰው ፊት ይውጣሉ፤ ሲነሡም «መንገድ ልቀቁ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ሜዳ መንገድ ላይ አብረን እንራመዳለን። ሲደክማቸው እንቆማለን። ስለ ግድግዳ ማውራት ቀርቷል፤ «ደከመኝ» ይላሉ። እኔም አላስረዳም፤ እቆማለሁ።

ልባቸው አዲስ አልሆነም። ዶክተሯ እንደምትለው ሸክሙ ቀልሎለታል። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከእናንተ መካከል እንደ አባቴ ያለ ሕመም ኖሮባችሁ፣ እምነቴ ጎደሎ ነው እንዳይባል ኪኒናችሁን ተደብቃችሁ የምትውጡ፣ ወይም የተዋችሁ ካላችሁ፣ በእኔ ኀፍረት ተማሩ። ጌታን እመኑት፤ መድኃኒታችሁንም ዋጡ። ስሙን ለማስጠበቅ የእኛን ውሸት አይፈልግም። የደከመ ልብም ቢሆን ይዞ ያኖራል፤ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ።

እንግዳዬን ላስተዋውቃችሁና ልቀመጥ። በሩ አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡት ሽማግሌ አባቴ ናቸው። ጠዋት ቅዳሴያቸውን አስቀድሰው፣ ከዚያ በባጃጅ መጡ። ሃይማኖታቸውን ሊለውጡ አልመጡም፤ ልጃቸው ሲመሰክር ሊሰሙ ነው የመጡት። ስንገባ «በሩ ጋ እቀመጣለሁ፤ ያላየኸውን ከጨመርክ እስላለሁ» ብለውኛል።

ጌታ ይመስገን፣ እስካሁን አልሳሉም።