አልማዝ ባለጭራና የግራ ዓይኔ

እንደ አልማዝ ባለጭራ ያለ ፈሪ በሽታ አላየሁም። በልጅነቴ ጉድፍ ሆኖ ገላዬን ሲያሳክከኝ የከረመው ቫይረስ ራሱ ነው አሉ። እኔ ዳንኩ ብዬ ስኖር፣ ለካ እሱ ሹልክ ብሎ ነርቬ ሥር ተወሽቋል። አርባ ዓመት ሙሉ! ሐኪሟ በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ነርቭ ከተበላሸ እንደ ቆዳ ቶሎ አይተካም። ስለዚህ፣ በሽታ የሚከላከሉት የሰውነት ወታደሮች እዚያ ሲደርሱ እንዳሻቸው አይተኩሱም፤ ከበው ይጠብቃሉ እንጂ። ሸለምጥማጡ ቫይረስም ድምፁን አጥፍቶ፣ ሳይራባ ይተኛል። ወታደሮቹ የደከሙ ቀን ብቅ ይላል። ወንድ ከሆነ ፊት ለፊት ለምን አይመጣም?

እኔ ላይ የወጣው በግራ ግንባሬ ነው፤ ውሃ እየቋጠረ እስከ አፍንጫዬ ጫፍ ወረደ። ያኔ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ እነዳ ነበር። ጉም የወረደ ቀን ያ ጠመዝማዛ መንገድ በሁለት ዓይንም አይቻል። ግራ ዓይኔ መቅላት ሲጀምር ሚስቴ «ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለች። እሷን መስማት ነበረብኝ። እኔ ግን ቤቴን የሞሉትን አዋቂ ነን ባዮች ሰማሁ። የሚስቴ ወንድም፣ በዕድሜው የሐኪም ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ እግሩን አጣምሮ «አልማዝ መርፌ አይወድም! ከተወጋህ አለቀልህ» ብሎ ፈረደ። ጎረቤቱ ሁሉ «እውነት ነው» አለ። በመርፌ የሞተ ሰው በዓይኑ ያየ አንድ እንኳ አልነበረም። እኔ ጅሉም አምኜ፣ ግንባሬን ቅጠል አስለቅልቄ አምስት ቀን ተኛሁ።

በስድስተኛው ቀን ሚስቴ እያለቀሰች ጎትታ ወሰደችኝ። ገና በሩን ስገባ «ዶክተር፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ መርፌ እንዳይወጉኝ» አልኳት። የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች።

«ስለ መርፌ ማን ነገረዎት አባቴ?» አለችኝ። «መድኃኒቱ እኮ የሚዋጥ ኪኒን ነው። በሁለት በሦስት ቀን ቢመጡ ምናልባት ዓይንዎ ይተርፍ ነበር።»

ኪኒን! ዛሬም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ዓይኔ ጠፋ፤ ሚኒባሱንም ሌላ ሰው ይዞት ሄደ። የሚስቴ ወንድም ሊጠይቀኝ መጣ። ፊቴን ትክ ብሎ አየና «ተመስገን ነው! እንኳንም መርፌ አልተወጋህ» አለኝ። ወንበር ስቤ በግራዬ በኩል አስቀመጥኩት፤ እዚያ ከሆነ አላየውም።