ኩድራዋን ያጠጣሁት ውሃ

በሰው አገር፣ ሎሎጎ በሚባል ሰፈር፣ ልጄ ዘንድ የተቀመጥኩት አገሪቱ ነጻ በወጣች በዓመቱ ግድም ነው። ጎረቤታችን የዚያው አገር ሰው ብትሆንም ያደገችው ኢትዮጵያ ነው፤ አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። አጥር ሥር የተከለችውን ኩድራ፣ እነሱ ለወጥ የሚቀቅሉትን ቅጠል፣ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች። እናቷ ታመውባት ስትሄድ አንድ በርሜል ውሃ ሞልታ፣ «እማማ፣ አደራ፣ እንዳይጠማብኝ» አለችኝ።

እኔ ያደግሁት ውሃ በአህያ በሚቀዳበት አገር ነው። የዕቃ እጣቢ እንኳ ለተክል ይሰጣል እንጂ ዝም ብሎ አይደፋም። ከቦቴ የተገዛ ንጹሕ ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ አሳሳኝ። ልጄ ደግሞ ለምግብ ቤቷ በጨው የደረቀ ዓሣ ትዘፈዝፋለች። የዘፈዘፈችበትን ውሃ በባልዲ እየወሰድኩ አጠጣሁ፤ እንዲያውም ያፋፋዋል ብዬ።

ሳምንት ሳይሞላ የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ጠቆረ። አፈሩ ርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን አንገቱን ደፋ። ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። በማግስቱም ጨመርኩ። በኋላ አፈሩ ላዩ ላይ ነጭ ሲያወጣ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት፤ ጨው! ለካ ጨዉ ውሃውን ይዞበት፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም እየሞተ ኖሯል።

ጎረቤቴ ስትመለስ መደቡን አይታ፣ «ያቺ የሃይ ማላካል ገበያ ዘር ሻጭ! የታመመ ዘር ሰጥታኝ ነው!» ብላ ወጣች። እኔ ባልዲዬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ማታ ከዚያ ስትመለስ ማንጎ ይዛልኝ መጣች።

«ልክ ልኳን ነገርኳት። እርስዎ ግን ደከሙልኝ፣ እማማ።»

ማንጎውን ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት። ሲነጋ ደጇ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ዘሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። የዓሣ ውሃ ነው ያጠጣሁት።»

«እማማ! ገና ሳይቀጠፍ ነው እንዴ ወጥ የሠሩት?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ተቋረጠ። «ሴትዮዋን እኮ በሰው ፊት ሌባ ብያታለሁ።»

አብረን ዘር ሻጯ ዘንድ ሄድን። «ማሌሽ፣ ማሌሽ» አልኩ፤ የማውቀው የይቅርታ ቃል እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቴ የቀረውን አስረዳችልኝ። ሴትየዋ ቀና ሳትል ዘሯን እየሰፈረች አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«ትናንት ስሰደብ የሰሙት ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ይቅርታውን ማን ይስማልኝ? ነው የምትለው።»