አባ አርባ

የመንገዱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ሞተረኞቹ ግን ትራፊክ ፖሊስ እስከ አርባ አምስት አይቶ እንዳላየ እንደሚያልፍ ስለሚያውቁ፣ ወሰኑን የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ ሞተረኛ ብቻ ናቸው። «አባ አርባ» ይሏቸዋል።

ከመታጠፊያው አጠገብ የምትቆመው ትራፊክ ፖሊስ በየጠዋቱ ታያቸዋለች። የጃኬታቸው ክርን ተጥፏል። ከሞተራቸው ኋላ ባሰሩት ሳጥን ለደንበኛ የሚያደርሱት መነጽር አለ። መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት እንኳ ፍሬቻ ሳያበሩ አይታጠፉም። ከኋላቸው ክላክስ ሲያስጮሁባቸው በእጃቸው «እለፉ» ይላሉ እንጂ ነዳጅ አይሰጡም።

አንድ ቀን ቀይ መብራት ይዟቸው አጠገቧ ቆሙ።

«አባባ፣ አምስቷን እኮ እንምራለን። ምናለ ትንሽ ፈጠን ቢሉ?» አለቻቸው እየሳቀች።

«አውቃለሁ ልጄ። አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። እኔም እምር ነበር።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

«ሲያልፍ ሁሌ ሰላም የሚለኝ አንድ ጎረምሳ ነበር። በአርባ አምስት ሲመጣ እኔም ሰላም ብዬው አሳለፍኩት። ያንን መታጠፊያ ሳይጨርሰው ቀረ።»

«ነፍስ ይማር» አለች ቀስ ብላ።

«አሜን። በይ ፀሐይ አይምታሽ፤ ከዛፉ ሥር ሆነሽም መንገዱ ደህና ይታይሻል» ብለዋት መብራቱ ሲለቅ ሄዱ።

ወደ ጥላው ጠጋ አለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሞተረኛ በአርባ አራት መጣ። የፍጥነት መለኪያዋን ሁለቴ አየችና እጇን አነሳች።

«እህቴ፣ አርባ አራት እኮ ነው» አላት ግራ ገብቶት።

«አይቼዋለሁ ወንድሜ። ውረድና ትንሽ እንጫወት።»