ብዙነሽ አራጋትስን የወጣች ዕለት

ብዙነሽ ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ የሃውስኪፒንግ፣ የክፍል ጽዳት ሱፐርቫይዘር ናት። ከፎቅ ፎቅ ስትዞር ስለምትውል ለዓመት ፈቃዷ የተመኘችው እንቅልፍ ብቻ ነበር። ባሏ መርሻ ግን ከዱባይ አቅራቢያ አጅማን ያለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ከርሞ፣ አንድ ቀን ብድግ አለና "አርሜንያ እንሄዳለን! አራጋትስ የሚባል የጠፋ እሳተ ገሞራ አለ፤ በአንድ ቀን ወጥተን እንወርዳለን" አላት። ሳያማክራት ቲኬቱን ቆርጦታል።

"አንተ እኮ ሊፍት ሲበላሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምታርፍ ሰው ነህ!"

"ልምምድ ጀምሬያለሁ" አለ። ልምምዱ ከሮላ ገበያ የገዛውን የተራራ ጫማ አድርጎ ሳሎን ውስጥ መንጎራደድ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሄዱ። ዱባይ ሰው በሙቀት ሲቀቀል፣ እዚያ ተራራው ላይ በረዶው ገና አልሟሟም። ከአስጎብኚያቸውና ከሌሎች ተጓዦች ጋር በጠዋት መውጣት ጀመሩ። መርሻ ትንሽ ሄድ ይልና ይቆማል።

"ብዙዬ፣ እስቲ ቅረጪኝ! … ብዙዬ፣ ውሃ! … ብዙዬ፣ ይቺን ቦርሳ ያዢልኝማ!"

ጫፉ ወለል ብሎ ሲታያቸው መርሻ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። አስመለሰው። አስጎብኚው፣ "ከፍታው ነው፤ እኔ ይዤው ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፤ አንቺ ከሌሎቹ ጋር ቀጥዪ" አላት።

"ጥለሽኝ ልትሄጂ?" አለ መርሻ በሰለለ ድምፅ።

ብዙነሽ ሻርፗን ፈትታ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ከዚያ "አዎ" ብላ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ቲኬቱን፣ ቀረጻውን፣ ጫማውን ሁሉ እየረገመች፣ በንዴት ብቻ ጫፉ ላይ ወጣች። የጥንቱ የእሳተ ገሞራ አፍ ከሥሯ ገደል ሆኖ ተዘርግቷል። ስልኳ ቦርሳው ውስጥ ቀርቷል፤ ፎቶ የለም።

አጅማን በተመለሱ በሳምንቱ ጓደኞቻቸው ሲሳይና አዛለች ሊጠይቋቸው መጡ። መርሻ ቪዲዮውን ከፈተ። ዐለት ላይ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል።

"ይኸውላችሁ፣ ጫፉን ረገጥነው!"

"የረገጥኩትስ እኔ! አንተማ ታች ስታስመልስ ነበር!"

"ታዲያ ያንቺ ፎቶ የታለ?" አለ ሲሳይ እየሳቀ።

ብዙነሽ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። አዛለች ተከተለቻት።

"የምርሽን ነው ያለ እሱ የወጣሽው?"

"ዋላሂ!"

"እዚያ ላይ ምን አለ?"

ብዙነሽ ጀበናውን ጣደች። "ንፋስ ነው። ብቻ እዚያ ቁጭ ብዬ 'ብዙዬ' ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።"

አዛለች ፎቶ አልጠየቀቻትም። አመነቻት።